የኔትወርክ ጥያቄዎቻችሁ፦ መስመሩ «አፕ» ይላል፣ ቅርንጫፉ ግን አይመልስም

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። አንዱ ከአዳማ፣ አንዱ ከቨርጂኒያ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ ነው። ሦስቱም ስለ መጠባበቂያ፣ ማለትም ዋናው መስመር ወይም ማሽን ሲበላሽ ተተክቶ ስለሚሠራው፣ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ ሁለተኛው የሚፈታው በእሱ ላይ ቆመን ነውና። ትእዛዞቹን በአነባበባቸው እጽፋቸዋለሁ። «አፕ» ማለት ተነስቷል፣ «ዳውን» ማለት ወድቋል ነው። ፍሬም ሪሌይ ቅርንጫፎች በአቅራቢው ስዊቾች በኩል የሚገናኙበት የቀድሞ የመስመር ዓይነት ነው፤ አይኤስዲኤን ደግሞ በስልክ ኔትወርክ በኩል የሚደወል ዲጂታል መስመር ነው።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኔትወርክ አስተምራለሁ። በስጦታ ያገኘናቸው ሦስት ሲስኮ 2600 ራውተሮች አሉን። እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሲሪያል ፖርት አላቸው። በመጽሐፋችን ውስጥ ስለ ፍሬም ሪሌይና ስለ መጠባበቂያ መስመር ሰፊ ምዕራፍ አለ። መሃለኛውን ራውተር ስዊች አድርጌ፣ ሁለቱን እንደ ዋና መሥሪያ ቤትና ቅርንጫፍ ላገናኛቸው ሞከርኩ። በሁለቱም ዳር ሲሪያል 0/0 ‹አፕ›፣ ላይን ፕሮቶኮሉ ግን ‹ዳውን› ይላል። ኬብል ቀያየርኩ፣ ክሎክ ሬት ሰጠሁ፣ ያው ነው። መጽሐፉ መጠባበቂያውን በአይኤስዲኤን ሥሩ ይላል፤ እኛ ጋ አይኤስዲኤን የለም። ተማሪዎቼ ደግሞ ‹ይሄ ከፈተና ወጥቷል፣ ለምን እንማረዋለን?› ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ 2600 ለዚህ ሥራ ግሩም ማሽን ነው። አሮጌ ነው ብለህ እንዳትንቀው። ችግርህም የኬብል አይደለም። ኬብሉ ቢሆን ኖሮ ሲሪያሉ ራሱ «ዳውን» ይል ነበር። «አፕ» ካለ ሲግናሉ ደርሷል። ላይን ፕሮቶኮሉ የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው። በፍሬም ሪሌይ የሚጠብቀው ኤልኤምአይ የሚባለውን ምልልስ ነው።

ራውተሩ በየ10 ሴኮንዱ ወደ ስዊቹ «አለህ ወይ?» ብሎ ይልካል። ስዊቹ «አለሁ» ይላል። በየስድስተኛው ጥያቄ ላይ ደግሞ ሙሉ ዝርዝር ይመልሳል። የትኞቹ ዲኤልሲአይዎች፣ ማለትም የግንኙነት መለያ ቁጥሮች፣ አሉ፣ የትኛው ይሠራል፣ የትኛው አይሠራም፣ ሁሉንም ይነግረዋል። ያንተ መሃለኛ ራውተር ግን ስዊች መሆኑን ማንም አልነገረውም። ራውተር ካልነገሩት ራሱን ደንበኛ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ሦስቱም ይጠይቃሉ፣ የሚመልስ የለም። ለማረጋገጥ ዳር ላይ ሆነህ «ሾው ፍሬም-ሪሌይ ኤልኤምአይ» በል። የተላኩት ጥያቄዎች እየጨመሩ፣ የመጡት መልሶች ዜሮ ላይ ከቆሙ፣ የታይምአውቱም ቁጥር ከጨመረ፣ በሽታው ተገኘ።

መድኃኒቱ አጭር ነው። መሃለኛው ላይ መጀመሪያ በግሎባል «ፍሬም-ሪሌይ ስዊቺንግ» በል። ከዚያ በሁለቱም ሲሪያሎቹ ላይ «ኢንካፕሱሌሽን ፍሬም-ሪሌይ»፣ ቀጥሎ «ፍሬም-ሪሌይ ኢንተፍ-ታይፕ ዲሲኢ»። ቅደም ተከተሉን ጠብቅ፤ ስዊቺንግ ካልተከፈተ ይህ ሁለተኛው ተቀባይነት አያገኝም። አይፒ አድራሻ አትስጠው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይደናገራል። ዲሲኢ የሚባል ነገር ሁለት ቦታ አለ። አንደኛው ኬብሉ ላይ ነው፤ ክሎኩን ማን ይሰጣል የሚለውን ይወስናል። ሁለተኛው ኮንፊጉ ላይ ነው፤ ለኤልኤምአይ ማን ይመልሳል የሚለውን ይወስናል። ሁለቱ አይገናኙም። አንተ ክሎክ ሬት 64000 ብለህ የመጀመሪያውን ጨርሰሃል፤ ሁለተኛው ነው የቀረህ። ተማሪዎችህ ይህን ልዩነት በእጃቸው እንዲያዩት አድርግ። የኬብሉን ዲሲኢ ጫፍ በዳሩ ራውተር ላይ ሰክተህ ክሎኩን ከዚያ ስጥ፤ የኮንፊጉን ዲሲኢ መሃሉ ላይ ተወው። ይሠራል። ያኔ ነገሩ ከአእምሯቸው አይጠፋም።

ቀጥሎ መሃለኛው ራውተር መንገዱን ማወቅ አለበት። ሲሪያል 0/0 ወደ ዋናው፣ ሲሪያል 0/1 ወደ ቅርንጫፉ ይሂድ እንበል። በ0/0 ሥር «ፍሬም-ሪሌይ ራውት 102 ኢንተርፌስ ሲሪያል 0/1 201» በል። በ0/1 ሥር ግልባጩን፣ «ፍሬም-ሪሌይ ራውት 201 ኢንተርፌስ ሲሪያል 0/0 102»። በ102 የገባው በ201 ይወጣል፣ በ201 የገባው በ102 ይወጣል ማለት ነው። ዲኤልሲአይ የሚያገለግለው ከራውተሩ እስከ ቅርቡ ስዊች ባለው መስመር ላይ ብቻ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት 102 የሚለውን ያንኑ ግንኙነት ቅርንጫፉ 201 ይለዋል። ከ16 እስከ 1007 ባለው ውስጥ የፈለግከውን ቁጥር ምረጥ፤ ከዚያ ውጭ ያሉት ለሌላ ሥራ የተያዙ ናቸው።

ወደ ዳሮቹ ስትመጣ አድራሻውን ሲሪያሉ ላይ አታስቀምጥ። ሳብኢንተርፌስ፣ ማለትም በፖርቱ ሥር ያለ ንዑስ ፖርት፣ ክፈት። ዋናው ላይ «ኢንተርፌስ ሲሪያል 0/0.102 ፖይንት-ቱ-ፖይንት»፣ አድራሻው 10.1.1.1 ከ255.255.255.252 ጋር፣ ከዚያ «ፍሬም-ሪሌይ ኢንተርፌስ-ዲኤልሲአይ 102»። ቅርንጫፉም እንዲሁ፣ በ201 እና በ10.1.1.2። ሁሉንም ሲሪያሎች «ኖ ሻትዳውን» ማለት እንዳትረሳ። በመጽሐፉ ውስጥ «ፍሬም-ሪሌይ ማፕ» የሚለውን ታገኝ ይሆናል። እሱ የሚያስፈልገው ብዙ ቅርንጫፍ በአንድ ሳብኔት ላይ ሲሰበሰብ ነው። ያኔ «ብሮድካስት» የሚለውን ጫፉ ላይ ካልጨመርክ የራውቲንግ መልእክቶች አያልፉም። በፖይንት-ቱ-ፖይንት ግን አድራሻና ዲኤልሲአይ ማጣመር የለም፤ መስመሩ አንድ ነው፣ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። የራውቲንግ መልእክት በመጣበት ፖርት እንዳይመለስ የሚከለክለው፣ ስፕሊት ሆራይዘን የሚባለውም ጣጣ አይነካህም። እኔ ለቅርንጫፍ ሥራ ሁልጊዜ የምመርጠው ይህንን ነው።

ስለ ኤልኤምአይ ዓይነት አትጨነቅ። ሲስኮ፣ አንሲና ኪው933ኤ የሚባሉ ሦስት አሉ። የሲስኮ ሶፍትዌር ከሆነው ከአይኦኤስ 11.2 ጀምሮ ዳር ያለው ራውተር ራሱ ያውቀዋል። የሌላ አምራች ራውተር ከወዲያ ማዶ ካለ ግን ኢንካፕሱሌሽኑን በሁለቱም ዳር «አይኢቲኤፍ» አድርገው፤ ካልተነገረው የሚይዘው የሲስኮን የራሱን ነው።

አሁን መጠባበቂያው። አይኤስዲኤን ባይኖርህ ምንም አይቀርብህም። የዋናውን ሲሪያል 0/1 ከቅርንጫፉ ሲሪያል 0/1 ጋር በኬብል በቀጥታ አገናኝ። ኢንካፕሱሌሽኑን ፒፒፒ አድርገው፣ አድራሻውን ከ10.1.2.0 ስጠው። ከዚያ ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩበትን ኢአይጂአርፒን በሁለቱ ዳር ራውተሮች ላይ አስነሳ። ስድስቱም ፖርቶችህ ሥራ አገኙ።

እባክህ ከዚህ በኋላ ያለውን በተማሪዎቹ ፊት ሥራው። መጀመሪያ ቅርንጫፉ ላይ በዋናው ሲሪያል 0/0 ሥር «ባክአፕ ኢንተርፌስ ሲሪያል 0/1» በል። «ባክአፕ ዲሌይ 5 20» ጨምርበት፤ ዋናው ከወደቀ 5 ሴኮንድ ጠብቆ ይነሳል፣ ዋናው ከተመለሰ 20 ሴኮንድ ጠብቆ ይተኛል። ሲሪያል 0/1ን ብታየው «ስታንድባይ ሞድ» ይላል። አሁን የቅርንጫፉን የሲሪያል 0/0 ኬብል ንቀል። መጠባበቂያው ይነሳል። ተማሪዎቹ ያጨበጭባሉ።

ኬብሉን መልሰው። አሁን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሂድና እዚያ ያለውን ሲሪያል 0/0 «ሻትዳውን» በለው። ተመልሰህ ቅርንጫፉን ተመልከት። ሲሪያል 0/0 አሁንም «አፕ»፣ ፕሮቶኮሉም «አፕ» ነው። መጠባበቂያው ተኝቷል። ፒንግ ግን አያልፍም። ቅርንጫፉ ተቆርጧል፣ ማሽኑ ግን ደህና ነኝ ይላል።

ምክንያቱ ያ ኤልኤምአይ ነው። የሚነጋገረው ከቅርቡ ስዊች ጋር ብቻ ነው። ከግቢው በር ላይ ዘበኛውን «ደህና ነህ?» ብትለው ደህና ነኝ ይልሃል፤ ባለቤቱ ቤት ይኑር አይኑር ግን በዚያ አታውቅም። ፒቪሲ የሚባለው በስዊቹ በኩል ሁለቱን ዳሮች የሚያገናኘው ቋሚ መስመር ነው። «ሾው ፍሬም-ሪሌይ ፒቪሲ» ብትል ግን እውነቱ እዚያ ተጽፏል፦ 201 «ኢንአክቲቭ»። ስዊቹ መስመሩን ያውቀዋል፣ ማዶ ያለው ግን አይመልስም ማለት ነው። «ዲሊትድ» ቢል ስዊቹ ያን ቁጥር ጨርሶ አያውቀውም፤ ወይ አንተ ወይ አቅራቢው ቁጥር ተሳስታችኋል። «አክቲቭ» ከሆነ ሁለቱም ዳር ደህና ነው።

አሁን ባክአፕ ትእዛዙን ከሲሪያል 0/0 አንሳና ከሳብኢንተርፌሱ፣ ከ0/0.201 ሥር አስቀምጠው። የፖይንት-ቱ-ፖይንት ሳብኢንተርፌስ ዕጣው ከፒቪሲው ጋር የታሰረ ነው፤ ፒቪሲው ኢንአክቲቭ ሲሆን አብሮ ይወድቃል። የዋናውን መሥሪያ ቤት ሲሪያል 0/0 እንደገና «ሻት» አድርገው። ስዊቹ በሚቀጥለው ሙሉ ዝርዝር ላይ ለቅርንጫፉ ይነግረዋል፣ ከዚያ መጠባበቂያው ይነሳል። እስከ አንድ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፣ ታገሡ።

ለተማሪዎችህ የምትነግራቸውም ይህንን ነው። ልክ ናቸው፣ ፍሬም ሪሌይ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሲኤንኤ ከሚባለው የሲስኮ የሙያ ፈተና ወጥቷል። በ1990 ሲስኮ፣ ዲጂታል ኢኪፕመንት፣ ኖርዘርን ቴሌኮምና ስትራታኮም ተባብረው ኤልኤምአይን ሲያወጡ፣ የቀደመው ኤክስ.25 በየመንገዱ ስህተት እያረመ ስለሚዘገይ ነበር ፍሬም ሪሌይ የተፈለገው። አዲሱ የተበላሸ ፍሬም ካየ ይጥለዋል፣ ማረሙን ለዳሮቹ ይተዋል። ዛሬ እሱንም ኤምፒኤልኤስና ኢተርኔት ተክተውታል። ነገር ግን በራስህ ጠረጴዛ ላይ፣ በሦስት አሮጌ ራውተሮች፣ «መስመሬ አፕ ነው» እና «ማዶ ደርሻለሁ» የተለያዩ መሆናቸውን እንዲህ አጥርቶ የሚያሳይ ሌላ ላብ እኔ አላውቅም። ይህን ያልተማረ ሰው ሥራ ላይ ምን እንደሚገጥመው ከሚቀጥለው ደብዳቤ አንብብላቸው።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። በአንድ የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ማዕከል የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ከደንበኞቻችን የአንዱ ቅርንጫፍ ዋና መስመሩ በኢተርኔት የሚመጣ ነው፤ መጠባበቂያው በሞባይል ኔትወርክ የሚሄድ ኤልቲኢ ነው። ባለፈው አቅራቢው ውስጥ ችግር ተፈጥሮ ቅርንጫፉ ሌሊቱን ሙሉ ተቋርጦ አደረ። ራውተሩ ላይ ኢንተርፌሱ ‹አፕ/አፕ› ነበር። ኤልቲኢው አልተነሳም። አለቃዬ ‹ባክአፑ ተፈትኗል፣ ኬብል ነቅለን አይተነዋል› ይላል። ሁለት ስታቲክ ራውት አለ፤ የመጠባበቂያው ዲስታንስ 250 ነው። ምኑ ነው የጎደለው? ደግሞስ ጥፋቱ የኔ ነው ወይ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ማታ የገባ ሰው ቀን የተሠራውን ዲዛይን ሊያርም አይችልም። አለቃሽም አልዋሸም፤ የፈተነው ግን አንዱን ብልሽት ብቻ ነው።

ስታቲክ ራውት በእጅ የተጻፈ መንገድ ነው፤ ከሁለቱ ዲስታንሱ ያነሰው ይመረጣል። ኬብሉን ቅርንጫፉ ላይ ስትነቅዪው ኢንተርፌሱ ይወድቃል፣ ዋናው ስታቲክ ራውት ከቴብሉ ይወጣል፣ የ250ው ይገባል። ጥሩ። ያን ሌሊት የተበላሸው ግን ከአቅራቢው ስዊች ወዲያ ነው። በራውተሩና በዚያ ስዊች መካከል ያለው ኢተርኔት ደህና ነበር። ስታቲክ ራውት ደግሞ ኢንተርፌሱ እስካለ ድረስ አለ። ስለዚህ ራውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ፓኬቱን ወደማይደርስበት ሲልክ አደረ። የአዳማው አስተማሪ ላብ ውስጥ የሚያዩት ያው ነው። እንዲያውም በኢተርኔት ይብሳል። በፍሬም ሪሌይ ቢያንስ ኤልኤምአይ «ኢንአክቲቭ» የሚል ወሬ ያመጣል፤ ተራ የኢተርኔት ፖርት ስለ ማዶው ምንም አይነግርሽም።

በእርግጥ የፍሬም ሪሌዩም ወሬ ሁልጊዜ አይታመንም ነበር። የአቅራቢው ኔትወርክ መሃል ላይ ሲታመም፣ ስዊቹ ፒቪሲውን «አክቲቭ» እያለ ፓኬቱ የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። ለዚህ ነው በኋላ «ፍሬም-ሪሌይ ኤንድ-ቱ-ኤንድ ኪፕአላይቭ» የመጣው። በማፕ-ክላስ ሥር «ሞድ ባይዳይሬክሽናል» ተብሎ ሲከፈት፣ ሁለቱ ዳር ራውተሮች ስዊቹን ሳይጠይቁ እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ። መልስ ከጠፋ ፒቪሲው እንደወደቀ ይቆጠራል፣ መጠባበቂያው ይነሳል። ላንቺም የሚያስፈልግሽ ይኸው ሐሳብ ነው፤ መሣሪያው ብቻ ተለውጧል።

የዛሬው መሣሪያ አይፒ ኤስኤልኤ ነው፤ ራውተሩ ራሱ ማዶውን በየጊዜው በፒንግ «አለህ ወይ?» ይላል። ቅርንጫፉ ላይ «አይፒ ኤስኤልኤ 1» ክፈቺ። «አይሲኤምፒ-ኤኮ» ብለሽ የዋናውን መሥሪያ ቤት ሉፕባክ፣ ማለትም ከአንድ ፖርት ጋር ያልታሰረውን፣ አድራሻ ስጪው፤ ምንጩ የዋናው መስመር ኢንተርፌስ ይሁን። ፍሪኩዌንሲውን 10 ሴኮንድ አድርጊው፤ ካልነካሽው በየ60 ሴኮንዱ ነው የሚልከው። በስኬጁል «ላይፍ ፎርኤቨር፣ ስታርት-ታይም ናው» በዪው። ከዚያ «ትራክ 1 አይፒ ኤስኤልኤ 1 ሪቸቢሊቲ»። በመጨረሻ ዋናው ስታቲክ ራውት ጫፍ ላይ «ትራክ 1» ጨምሪ። ዋናው መሥሪያ ቤት መመለስ ሲያቆም ራውቱ ይወጣል፣ የኤልቲኢው ይገባል።

ሦስት ቦታ ላይ ተጠንቀቂ።

አንደኛው ፒንግ የምታደርጊው አድራሻ ነው። ብዙ ሰው የአቅራቢውን የመጀመሪያ ራውተር ይሰጠዋል። እሱማ ያን ሌሊትም ይመልስልሽ ነበር! መስመሩ የተሠራው ሰዎቹ ሥራቸውን እንዲሠሩበት ነው፤ ስለዚህ ሥራው የሚደርስበትን ቦታ ጠይቂ።

ሁለተኛው ደግሞ ካልተያዘ እንቅልፍ ይነሳል። ዋናው ራውት ሲወጣ ፒንጉ ራሱ በኤልቲኢ በኩል ሄዶ ዋናው መሥሪያ ቤት ሊደርስ ይችላል። ያኔ ራውተሩ «ዋናው ተመለሰ» ብሎ ራውቱን ይመልሰዋል፣ እንደገና ይወድቃል፣ እንደገና ይነሳል። ለዚያ ሉፕባክ ብቻ የሚሆን፣ 255.255.255.255 ያለው ስታቲክ ራውት በዋናው መስመር በኩል ጻፊለት፤ ትራክ አይኑረው። ኢንተርፌሱ ቢወድቅ እንኳ ፒንጉ ወደ ኤልቲኢ እንዳያመልጥ ለዚያው አድራሻ ፓኬት ወደሚጣልበት ወደ «ነል0» የሚሄድ በዲስታንስ 250 ጨምሪ።

ሦስተኛው ትዕግሥት ነው። አንድ ፒንግ ስለጠፋ መስመር አይቀየርም። ትራኩ ላይ «ዲሌይ ዳውን 20 አፕ 60» አድርጊ። ሲወድቅ ትንሽ ይጠብቅ፣ ሲመለስ ደግሞ በደንብ ይረጋጋ።

አሁን ስለ ፈተናው። በዘጠናዎቹ መጨረሻ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ኔትወርክ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ዋናው በፍሬም ሪሌይ፣ መጠባበቂያው በአይኤስዲኤን ነበር። አለቃችን አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው። መጠባበቂያ ሲፈተን ቅርንጫፉ ላይ ያለው ኬብል ብቻ አይነቀልም። ዋናው መሥሪያ ቤት ያለውን ፒቪሲ እንቆርጣለን፣ ከዚያ ቅርንጫፉ ስልክ ላይ ያለውን ሠራተኛ «ገንዘብ መቀበያው ይሠራል?» ብለን እንጠይቃለን። ፒንግ አለፈ ማለት አይበቃውም ነበር። የሰውየው ጥንቃቄ ዛሬም ያስደንቀኛል። ለአለቃሽ ይህንን ሐሳብ አቅርቢለት፤ የሚቀጥለው ፈተና ማዶ ያለውን ቆርጦ ይሁን።

ሌላም ከዚያ ዘመን የቀረ ነገር አለ። መጠባበቂያው በትክክል ተነስቶ፣ ማንም ሳያውቅ፣ ለቀናት ሲሠራ ይቆያል። አይኤስዲኤን በደቂቃ የሚያስከፍል ከሆነ ቢሉ ያስደነግጣል። ኢአይጂአርፒ በየጊዜው የሚልካቸው ሄሎዎች ብቻቸውን መስመሩን ክፍት አድርገው ሊያቆዩት ይችላሉ፤ ስለዚህ የትኛው መልእክት እንደሚያስደውል በሚወስነው በዳያለር-ሊስቱ ላይ እንከለክላቸው ነበር። ያንቺ ኤልቲኢም የዳታ ጣሪያ ይኖረዋል። ትራኩ ሁኔታውን በለወጠ ቁጥር የመቆጣጠሪያ ማዕከላችሁ ስክሪን ላይ ማስጠንቀቂያ ይውጣ። ተረኛው ዋናው መስመር መሞቱን ካላወቀ ማንም አቅራቢውን አይደውልለትም። ከዚያ መጠባበቂያው ሲወድቅ ምንም አይቀራችሁም።

አንድ ነገር ሳትጠይቂኝ ልጨምር፣ ምክንያቱም በጣም ያሳስበኛል። ኤልቲኢው የማን ነው? ዋናውን መስመር የሚሰጠው ድርጅት ከሆነ እባክሽ ጻፊና አመልክቺ። እዚህ አሜሪካ ሁለት ትልልቅ ትምህርቶች አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 13፣ 1998 የኤቲ ኤንድ ቲ የፍሬም ሪሌይ ኔትወርክ በመላ አገሪቱ ወደቀ። አንድ ስዊች ላይ የካርድ ማሻሻያ ሲሠራ የተሳሳተ መንገድ ተፈጠረ። በዚያ የመጣ የአስተዳደር መልእክት ጎርፍ ወደ ሌሎቹ ስዊቾች ተሰራጭቶ አነቃቸው። ለአንዳንዱ ደንበኛ እስኪመለስ እስከ 26 ሰዓት ፈጀ፤ በክሬዲት ካርድ የሚሸጡ ሱቆች ክፍያ ማጽደቅ አቃታቸው። በዓመቱ፣ በኦገስት 1999፣ የኤምሲአይ ወርልድኮም የፍሬም ሪሌይ ኔትወርክ ከሉሰንት ስዊቾች የሶፍትዌር ማሻሻያ ጋር በተያያዘ ታመመ። ችግሩ 10 ቀን ያህል ቆየ። የቺካጎ ቦርድ ኦፍ ትሬድ የኤሌክትሮኒክ ግብይትም ተስተጓጎለ።

በእነዚያ ቀናት መጠባበቂያው በዚያው ኔትወርክ ላይ የተገዛ ሁለተኛ ፒቪሲ የሆነበት ደንበኛ ምን ጠቀመው? ሁለቱም በአንድ ደመና ውስጥ ነበሩ። በስልክ ኔትወርክ በኩል በሚደወል አይኤስዲኤን የሚሄድ ግን ሌላ መንገድ ነበረው፤ 128 ኪሎ ቢት ብቻ ቢሆንም መንገድ ነው። ሁለቱ መስመሮችሽ በአንድ ቱቦ፣ በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ አቅራቢ የሚያልፉ ከሆነ በወረቀት ላይ ሁለት ናቸው፣ ሲቆረጡ ግን አንድ ናቸው። አቅራቢዎቹን በየትኛው መንገድ እንደሚገቡ በጽሑፍ ጠይቂ። መልሱን ለማግኘት መጎትጎት ይፈልጋል፣ አትሰልቺ።

ጥያቄ፦ «የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ። በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ክፍል ኃላፊ ነኝ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተራችን ተቃጠለ። ተመሳሳይ ሌላ ራውተር መጋዘን ውስጥ ነበረን። የኮንፊጉም ኮፒ በቲኤፍቲፒ ተቀምጦ ነበር፤ ጫንነው። ሆኖም መስመሮቹ አልነሱም፣ በኤስኤስኤችም መግባት አቃተን። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን?»

መልስ፦ ፋይሉ ደህና ነው፣ አይጨነቁ። መለዋወጫውም ኮፒውም ስለነበርዎት አመሰግናለሁ፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ ይዞ የሚገኝ መሥሪያ ቤት ብዙ አይደለም።

መስመሮቹ ያልተነሱት እንዲህ ነው። አዲስ ራውተር ላይ ኢንተርፌሶቹ ሁሉ «ሻትዳውን» ሆነው ነው የሚመጡት። የተቀመጠ ኮንፊግ ውስጥ ደግሞ «ኖ ሻትዳውን» የሚል መስመር አይጻፍም። ፋይሉን ወደ ራኒንግ-ኮንፊግ ሲጭኑት ካለው ጋር ይደባለቃል፤ «ክፈት» የሚል ትእዛዝ ስለሌለበት ኢንተርፌሶቹ ተዘግተው ይቀራሉ። ወይ እያንዳንዱን በእጅ «ኖ ሻትዳውን» ይበሉት፣ ወይ ደግሞ ፋይሉን ወደ ስታርትአፕ-ኮንፊግ ጭነው ራውተሩን ያስነሱት። ሁለተኛው ይሻላል።

ከሩቅ ለመግባት የሚያገለግለው ኤስኤስኤች የሚጠቀምበት የአርኤስኤ ቁልፍ በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ የለም። በኮንሶል ገብተው «ክሪፕቶ ኪ ጀነሬት አርኤስኤ» ይበሉ። ቁልፉ ስለተለወጠ ከኮምፒውተርዎ ሲገቡ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ የሚጠበቅ ነው። ስዊቾች ካሉዎት ደግሞ የቪላን ዝርዝሩ «ቪላን.ዳት» በሚባል ፋይል ፍላሹ ላይ ለብቻው ሊቀመጥ ይችላል። እሱንም ኮፒ ያድርጉ። የአይኦኤሱንም ፋይል ያስቀምጡ።

ቲኤፍቲፒ በዩዲፒ 69 የሚሠራ፣ የይለፍ ቃል የማይጠይቅ፣ ሁሉን በግልጽ የሚልክ የፋይል መላኪያ ነው። በኮንፊጉ ውስጥ «ታይፕ 7» ተብለው የተሸፈኑት የይለፍ ቃሎች በቀላሉ ይፈታሉ። ስለዚህ ያ ፋይል እንደ ቢሮው ቁልፍ መያዝ አለበት። ከቻሉ ምስጢሩን ጠብቆ በሚልከው በኤስሲፒ ይላኩት። «አርካይቭ» በሚለው ሥር መድረሻውን ሰጥተው «ራይት-ሜሞሪ» ካከሉበት፣ ኮንፊጉን በሴቭ ቁጥር ራውተሩ ራሱ ኮፒ ያስቀምጣል። ኮፒው የሚቀመጥበት ማሽን ከራውተሩ ጋር በአንድ ሶኬት ላይ አይሁን፤ ቢቻል በሌላ ሕንፃ ይሁን።

በእያንዳንዱ ሲሪያልና ኢተርኔት ሥር «ዲስክሪፕሽን» ላይ የአቅራቢውን የመስመር ቁጥርና የጥገና ስልኩን ይጻፉበት። ያንኑ አትመው ራኩ በር ላይ ይለጥፉ። መለዋወጫው ራውተር አሁን ሥራ ላይ ስለሆነ መጋዘኑ ባዶ ነው። የግዢ ጥያቄውን በዚህ ሳምንት ያስገቡ፤ ዩፒኤሱንም አብረው።